ገንዳው ወደ ፈጣም የወረደ ዕለት

ገንዳውን ያስጠረበው አያቴ ነው። ከአንድ ዋንዛ ግንድ የወጣ ነበር። ርዝመቱ ዘጠኝ ክንድ ሲሆን ስድስት ከብት ጎን ለጎን ቆሞ ይጠጣበታል። ከደጃችን ተነሥቶ አያውቅም። የሚነሣ ነገር መሆኑንም አላውቅም ነበር።

ሰባት ዓመቴ ነው። ፍልሰታ ተፈትቷል። አባቴ ገደፋው ገንዳውን ገልብጦ ሆዱን በእጁ ሲዳብስ አገኘሁት። አንዱን ጫፍ በመጥረቢያ አሾለው። ስንጥቁን ሁሉ በባዘቶና በሰም ወተፈው። እናቴ ያምሮት ሰሙን በገል ታቀልጥለታለች። ሰሙ ማር ማር ይሸታል።

«ከብቶቹ በምን ሊጠጡ ነው?» አልሁ።

«ወንዝ ወርደው ይጠጣሉ» አለ አባቴ።

«ይህስ?»

«እታን ልናመጣበት ነው። ልትወልድ ደርሳለች።»

እታ የምላት እህቴን ያይኔአበባን ነው። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ከፈጣም ማዶ ተድራለች። በእኛ አገር ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው በእናቷ ቤት ነው። ወላጆቿ ቅቤና የገብስ ዱቄት ይዘው ይሄዱና አማቶቿን አስፈቅደው ያመጧታል። እምቢ የሚል አማት የለም፤ ነውር ነው። እታን በሰኔ ልናመጣት ነበር። አማቶቿ «የአረም ጊዜ ነው፣ ትንሽ ትቆየን» አሉ። ክረምቱ ቀደመን። ፈጣም ከሞላ እስከ መስቀል የሚሻገረው የለም። ዛሬ ባጃጅ የሚያልፍበት ድልድይ ያን ጊዜ አልነበረም።

ልትወልድ መድረሷን የነገረችን ወይኒቱ ናት። ወይኒቱ የእታ ጎረቤት ስትሆን እንደ አባቴ ከአገው ወገን ናት። ከጥቂት ቀን በፊት ከአባቴ ጋር ከብት ልናሰማራ ወደ ወንዙ ወርደን ነበር። ከማዶ ቋጥኝ ላይ ቆማ በአገውኛ ጮኸች። ውሃው ድምፅዋን እየቆረጠ ይወስደዋል። አባቴ እጁን ከጆሮው ኋላ አድርጎ ሰማ። እሱም በአገውኛ መለሰ። እኔና እናቴ አገውኛ አናውቅም።

ስትጨርስ አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እጁን ውሃ ውስጥ ነክሮ ታጠበ። ደግሞ ታጠበ። እጁ ላይ ምንም አልነበረም።

«ምን አለች አባ?»

«እታ ልትወልድ ደርሳለች አለች።»

«ታዲያ ደስ አይልም?»

«ደስ ይላል» አለና ተነሣ።

አገውኛ ካደግሁ በኋላ ለመድሁ። ወይኒቱን አርጅታ ቡሬ ገበያ አግኝቻት ያን ቀን የጮኸችውን ቃል በቃል አስደግሜያታለሁ። ልትወልድ ስለ መድረሷ አንድም ቃል የለበትም።

የተነሣነው ነሐሴ ሃያ አራት ቀን፣ በተክለ ሃይማኖት ዕለት ነው። በዓል ነው። በበዓል እንኳን ገንዳ፣ እንጨትም አይሸከሙም። መብረቅ ይወርድብናል ብዬ ሰማይ ሰማይ አያለሁ። ቄሱ ግን በጠዋት መጥተው ገንዳውን በመስቀላቸው ዳበሱት።

«የጭንቅ ነው» አሉ። «ተክልዬ አይቀየሙም።»

አሥራ ስድስት ሰው ተሰብስቧል። አራት አጣና ከገንዳው ሥር አግድም በጠፍር ታሰረ። በየአጣናው አራት አራት ሰው ገባ። አባቴ ገንዳው ውስጥ እርጥብ ሣር ጎዘጎዘ። ከዚያ በእንስራ ውሃ ቀድቶ አፈሰሰበት።

«ምነው አያ ገደፋው!» አለ ደረሰ። ደረሰ ጎረቤታችን ነው፤ አፉ አያርፍም። «ግንዱ አነሰንና ውሃ ይጨምሩብን?»

«ከደረቀ ይሰነጠቃል። እንደ ራሰ መድረስ አለበት።»

«ወንዝ ለመሄድ ውሃ ተሸክሞ የሚወርድ፣ ከእኛ በቀር ማን አለ?»

«ትከሻህን አግባ፣ አንተ!»

«ስሙኝ ጎበዝ! ከብት ወደ ገንዳ ሲሄድ ነበር የምናውቅ። ዛሬ ገንዳው ራሱ ጠምቶት ወንዝ ሊወርድ ነው!»

ሰዎቹ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። «ሆ!» አለ። «በል!» አሉ። ገንዳው ተነሣ። ሥሩ የነበረው መሬት ነጭ ሆኖ ትል ይርመሰመስበታል።

እኔ የቅቤውን ቅል ታቅፌ ከፊት ከአባቴ ጋር ሄድሁ። እናቴ እስከ አጥሩ ጥግ መጣችና ቆመች። እልል ትላለች ብዬ ዞር ዞር አልሁ። አላለችም።

መንገዱ ጭቃ ነው። በደረቅ ወቅት ከቤታችን እስከ ወንዙ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ያን ቀን ግማሽ ቀን ፈጀ። ገንዳው ሲያዘነብል ውሃው ከኋለኞቹ አንገት ላይ ይፈስሳል፤ እነሱም ይሳደባሉ። የጤፉን ማሳ በዳር በዳር እየዞርን ነው። የቤት ክዳን በጋራ አንሥተው ወደ ሌላ ቦታ ሲያዛውሩ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ይዘፈናል፣ ይፎከራል። ዛሬ ከደረሰ በቀር ድምፅ ያለው የለም። ልጅ ሊወለድ እየሄድን ሁሉም ፊቱን የቋጠረበት ነገር አልገባኝም። በበዓል በመሥራታቸው ፈርተው ነው አልሁ።

ሾላው ሥር ሲያርፉ እንድሪያስ ከአጠገቤ ተቀመጠ። እንድሪያስ የአካባቢያችን ዋናተኛ ነው። ወገቡ ላይ ረጅም የቃጫ ገመድ ጠምጥሟል። ለደረሰ ሲነግረው ሰማሁ።

«ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከቤት ሾልካ ትወርዳለች አለች ወይኒቱ። ሁለት ጊዜ እስከ ጉልበቷ ውሃው ውስጥ ስትገባ፣ ይዛ የመለሰቻት ወይኒቱ ናት።»

«ማን ናት?» አልሁ።

ሁለቱ ተያዩ።

«እታህ ናታ» አለ ደረሰ። «መምጣታችንን ልታይ ብላ።»

«ታዲያ ቶሎ እንሂድ!»

«ሰማችሁ? ተነሡ! አለቃችን ተናግሯል!»

ማንም አልሳቀም። ተነሡ።

ቁልቁለቱ ላይ የኋለኛው አጣና ተሰበረ። ገንዳው በአፍንጫው ወረደ። ፊት ያሉት ዘለው ሸሹ። በጭቃው ላይ ተንሸራቶ ድንጋይ ሲመታ የሰማሁት ድምፅ የበሬ አጥንት ሲሰበር ያለውን ይመስል ነበር። አባቴ ሮጠ። ተንበረከከና እጁን ከሥሩ ሰደደ። ጣቱ በሌላው በኩል ወጣ።

አባቴን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ግንባሩን እንጨቱ ላይ አሳርፎ ቀረ። የአያቴ ገንዳ ስለሆነ ነው፣ ለዕቃው አዝኖ ነው ብዬ አሰብሁ።

«ባዘቶ የለም?» አለ እንድሪያስ።

«አልቋል። ሰም ብቻ ነው ያለ።»

ደረሰ ለበዓሉ የለበሰውን አዲስ ጋቢ ከትከሻው አወረደ። ጥለቱን በጥርሱ ያዘና ትርርር አድርጎ ቀደደው።

«እብድ ነህ?» አለ አንዱ። «ትናንት የወረደ ጋቢ!»

«ሸማኔው ወልደ ኋላ ሰፊ አድርጎ ነው የሠራው» አለ ደረሰ። «ገንዳውም ይልበስለት። በዓል አይደል?»

ቁራጩን በሰም ነክረው ወተፉት፣ በድንጋይ መቱት። የደረሰን ሚስት አውቃታለሁ። ያን ጋቢ ክረምቱን ሙሉ ነው የፈተለችው። እቤቱ ሲገባ ትገድለዋለች ብዬ ፈራሁለት። ምንም አላለችውም።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ቀኑ ከእኩሌታ አልፏል። ፈጣም እንደ ስሙ ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ ሰፋ ብሎ ይተኛል። ቀለሙ የጤፍ አሻሮ ይመስላል። እንድሪያስ ልብሱን አወለቀና የገመዱን ጫፍ ወገቡ ላይ አስሮ ገባ። ውሃው ቁልቁል ወሰደው። ማዶ ሲወጣ አነስ ብሎ ታየኝ፤ ሲንቀጠቀጥ ግን ከዚህ ይታያል። ገመዱን ከዛፍ አሰረ።

«ዱላችሁን አኑሩ» አለ አባቴ። «ማዶ በሚታይበት ቦታ።»

የቀሩት ዱላቸውን ሣሩ ላይ ደርድረው ከኋላው ተቀመጡ። አባቴ እኔን ብድግ አድርጎ ገንዳው ውስጥ አስገባኝ። ቅቤውን በጭኔ አስያዘኝ። እሱ የእህል ማዝሪያውን ላይዳ መቅዘፊያ አደረገ።

«እዚያ ስንደርስ ምን ልበል?» አልሁት።

«ያሻህን በል። የልብህን ጠይቅ።»

ከዚያ ሁሉ ጎልማሳ እኔን መምረጡ ጎበዝ ስለሆንሁ ነው አልሁ። ኮራሁ።

አባቴ እውነቱን የነገረኝ እኔ ራሴ ሚስት ላገባ ሽማግሌ በላክሁበት ሰሞን ነው። እታ ያን ጊዜ እርጉዝ አልነበረችም። በሐምሌ፣ በሰባት ወሯ፣ ባሏ ታከለ በጠፋ ጥጃ ተቆጥቶ ሆዷን በእርግጫ መታት። ሕፃኑ ሞቶ ወጣ። አማቷ እህተ ማርያም ነገሩን ከሰው ደብቃ እታን ቤት ዘጋችባት። ያወቀች ወይኒቱ ብቻ ናት። የቀበረችውም እሷ ናት። ወይኒቱ የጮኸችው ይህን ነው፤ ደግሞም ቶሎ ካልመጣችሁ ውሃው ይወስዳታል ብላለች።

አባቴ «ልጄን መልሱልኝ» ቢል ጠብ ነው፤ በእኛ አገር ጠብ ደም ነው። «ልጄን ላርሳት» ቢል ግን የሚከለክል ሰው «እርጉዝ አይደለችም» ማለት አለበት። እንደዚያ ያለ ደግሞ ፅንሱ የት እንደ ገባ ሊናገር ነው። በዓሉን የመረጠው የማዶ ጎረቤት ሁሉ ከቤቱ እንዲውልና እንዲሰማ ነው። አሥራ ስድስቱም ያውቁ ነበር። ቄሱም ያውቁ ነበር።

«የማታውቅ አንተ ብቻ ነበርህ» አለኝ። «ሁላችንም ፊታችን ይዋሽ ነበር። ያንተ አይዋሽም። ስለዚህ ወሰድሁህ።»

ተሻግረን ስንወጣ፣ ገንዳ በውሃ ላይ መምጣቱን የሰማ የማዶ ሰው ሁሉ ወጥቶ ተከተለን። እህተ ማርያም ደጅ ስንደርስ ከሠላሳ ሰው በላይ ሆነናል። እሷ ረጅም፣ ነጭ ለባሽ ሴት ናት። በሩን ይዛ ቆማለች።

«እንዴት ከረሙ፣ እመት እህተ ማርያም?» አለ አባቴ ዝቅ ብሎ።

«እግዜር ይመስገን። ኧረ አያ ገደፋው፣ ይህን ውሃ በምን ተሻገሩት?»

«በከብት ገንዳ።»

ሰዉ በሳቅ አወካ።

«ምን ይደረግ» አለ አባቴ። «ልጅ ልትወልድ ነው ሲባል ወላጅ አያስችለውም። እርስዎም ወልደዋል።»

«እሱስ ልክ ነው። ግን መንገዱ ጭቃ ነው፣ ወንዙም ያስፈራል። እስከ መስቀል ብትቆይልን…»

እኔ አላስቻለኝም። ቅሉን በሁለት እጄ ዘረጋሁላት።

«እማማ፣ ይህ የእታ ቅቤ ነው። ሕፃኑ መቼ ነው የሚወለድ? እኔ ነኝ የማዝለው!»

ሴቶቹ ሳቁ። «ውይ የኔ ጌታ! አጎት መሆን አማረው!» አለች አንዲት ባልቴት። ከዚያ ወደ እህተ ማርያም ዞረች። «ምነው አንቺ፣ ምራትሽን ካየናት ወር አለፈን እኮ። እስከ መስቀል ደግሞ ምን ያቆያታል? አምጫት እንጂ፣ እንመርቃት።»

ወይኒቱ ከሰው ኋላ ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

እህተ ማርያም ቅሉን ተቀበለችኝ። ፊቴን ብዙ አየችው። የወደደችኝ መሰለኝ።

«ትውጣ» አለች በመጨረሻ። «ላልብሳት።»

ገብታ ቆየች። ታከለ ከበረት በኩል መጣ። አባቴ እጁን ዘርግቶ ጨበጠው፤ አለቀቀውም። ስለ በሬዎቹ ጠየቀው። ስለ ላሟ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ቡቃያው፣ አንድ በአንድ። ታከለ «ደኅና፣ ደኅና» ይላል፤ ላብ አጥምቆታል። አባቴ በመጨረሻ «ጥጃውስ ተገኘ?» አለው። እኔ እንዴት ያለ ፍቅር ነው አልሁ።

እታ ወጣች። ሁለት ጋቢ ደራርባለች፤ ሆዷ ወደ ፊት ወጥቷል። ፊቷ ግን ሌላ ሰው ሆኗል፤ ጉንጯ ገብቷል። ባልቴቷ መረቀቻት። ሴቶቹ «ማርያም ትቅረብሽ» አሉ። እታ እንደ ደንቆሮ ሁሉንም አየቻቸው። እኔን ስታይ ቀርባ ራሴን ዳበሰችኝ።

ወንዙ ዳር ስንደርስ አባቴ ጠፍር አወጣ። አንዱን ጫፍ በእሷ ወገብ፣ ሌላውን በራሱ ወገብ አሰረ። እንዳትወድቅ ነው። እንድሪያስ ገመዱን ይዞ ዋኘ፤ በእኛ ዳር የቀሩት ይጎትታሉ። የደረሰ ጋቢ ቁራጭ ውሃ ያስገባ ስለነበር በመቅጃ ቅል እየቀዳሁ እደፋለሁ። መሐል ስንደርስ እታ ፊቷን ወደ ውሃው አዘነበለች።

«ወደ እኔ ተመልከች» አለ አባቴ። «ያይኔ። እኔን እዪኝ።»

ላይዳውን ትቶታል። ወንዙን አያይም፤ እሷን ብቻ ያያል። አባቴ ቀዘፋ አይችልም አልሁ በልቤ።

እጄን ወደ ሆዷ ሰደድሁ። ሕፃኑ እንደ ትራስ ለስላሳ ነው፤ እጄ ገባ። እታ እጄን ያዘችና ወደ ጉልበቴ መለሰችው።

«ተኝቷል» አለችኝ።

የታጠፈ ጋቢ ነበር። አማቷ ናት በመቀነት ያሰረችላት።

ወደ እኛ ዳር ስንወጣ ሰዎቹ ሁሉ እታ እንዳታፍር ጀርባቸውን ሰጡን። እንድሪያስ ብቻ ብርድ እያንገጫገጨው ከጎናችን ቆሟል። እታ ከጋቢዎቿ የላይኛውን አውልቃ አለበሰችው። ከዚያ በአጣናዎቹ ቃሬዛ ሠርተው ተሸከሟት። ገንዳው ዛፍ ላይ ታስሮ ቀረ፤ ያን ክረምት ስንት ሰው ተሻገረበት። በሚቀጥለው ዓመት ሙላት ወሰደው።

እናቴ ጓዳውን ጋርዳ እታን አስተኛቻት። ገንፎ በቅቤ ታገባላታለች። ጎረቤት ሴቶች እየተፈራረቁ ይገባሉ፤ ይወጣሉ። እኔ መግባት አልተፈቀደልኝም።

«ተወለደ?» እላለሁ።

«አዎ» ትላለች እናቴ።

«ታዲያ ለምን አያለቅስም?»

«ጨዋ ስለሆነ ነው። ሂድ፣ ጥጆቹን ጠብቅ።»

እናቴ በየጠዋቱ ግድግዳው ላይ በከሰል ጭረት ታደርጋለች። መስከረም ገባ። መስቀል አለፈ። አርባ ሲሞላ እታ ትወጣለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልወጣችም። ጭረቱ ቀጠለ። ፊቷ እየሞላ መሆኑን በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። አንድ ቀን ሳቋን ሰማሁ፤ ደረሰ ከውጭ ሆኖ የሆነ ነገር ተናግሮ ነው።

ያይኔአበባ ዛሬ ፍኖተ ሰላም፣ ከሁለተኛ ባሏ የወለደቻቸው ልጆቿ ዘንድ ናት። ዓይኗ ደክሟል። ከዚያ ሁሉ ምን ትዝ እንደሚላት ጠይቄያት ነበር። «መኝታው» አለች። «እነዚያን ቀኖች ማንም ምንም አልጠየቀኝም።»

በኅዳር፣ ጤፉ ሲታጨድ፣ ጭረቱ ሰማንያ ሆነ። እናቴ መጋረጃውን ገለጠች። እታ ታጥባ፣ ጸጉሯን ተሠርታ ወጣች። እጇ ባዶ ነው። ኋላዋን አየሁ። አልጋው ላይ አየሁ። ማንም የለም። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ማጭድ ይስላል።

ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ክርስትና እንደምትነሣ አውቃለሁ። ቆጠርሁ።

«ሴት ናት ማለት ነው» አልሁ።

እናቴ «አንተ ልጅ…» ብላ ተነሣች። እታ በእጇ አስቆመቻት። ከፊቴ ቁጢጥ አለች።

«አዎ» አለች። «ሴት ናት።»

«የታለች?»

«ማርያም ዘንድ ናት።»

«ስሟስ ማን ነው?»

እታ ወደ እናቴ አየች። እናቴ ወደ መሬት አየች። የማጭዱ ድምፅ ቆሟል።

«ስም የላትም» አለች እታ። «አንተ አውጣላት።»

ብዙ አሰብሁ። የማርያም የሆነ ነገር መሆን አለበት።

«ውዳሴ» አልሁ።

እታ አንዴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስሙን ጠራችው፤ ልጅ ከደጅ እንደሚጠራ አድርጋ። አባቴ ማጭዱን አስቀመጠና ተነሥቶ ወጣ። በቀትር ፀሐይ፣ ባዶ በረት ውስጥ ገብቶ ብዙ ቆየ።

ስሙን ያልወደደው መሰለኝ።